ቁልፉ አልዞር ሲል፦ የተያዘ የቤት በርን ሳይሰብሩ መክፈትና መጠገን

በር አልከፈት ሲል እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሁለት ነገር ነው፤ ቁልፉን በጉልበት ማዞር፣ ያም ካልሆነ የምግብ ዘይት ማንጠብጠብ። ጉልበቱ ቁልፉን ሰብሮ ሲሊንደሩ (ቁልፉ የሚገባበት የናስ ቁራጭ) ውስጥ ያስቀራል። ዘይቱ ደግሞ ለጊዜው ያለሰለሰ መስሎ ከወራት በኋላ አቧራ ሰብስቦ እንደ ሙጫ ይይዛል። ስለዚህ ከሁለቱም በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ ችግሩ ያለው ቁልፉ ጋ ነው ወይስ በሩ ጋ?

መለያው ቀላል ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቁልፉን ያዙሩት። ክፍት ሲሆን ያለ ችግር እየዞረ ሲዘጋ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ቁልፉም ሲሊንደሩም ደህና ናቸው፤ የተዛነፈው በሩ ነው። በሩ ክፍት ሆኖም ካስቸገረ ግን ጥፋቱ የሲሊንደሩ፣ በበሩ ውስጥ የተቀበረው የብረት ሳጥን ወይም የራሱ የቁልፉ ነው። ይህን ሳይለዩ አዲስ ሲሊንደር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ በተዛነፈ በር ላይ አዲሱም እንደ አሮጌው ያስቸግራል።

እዚህ የምናወራው በኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ በኤል ቲ ዜድ የብረት በሮች፣ በአሉሚኒየም በሮችና በብዙ የእንጨት በሮች ላይ ስለሚገኘው፣ ከውጭም ከውስጥም ቁልፍ ስለሚያስገባው ባለ ሲሊንደር ዓይነት ነው።

ውስጡ ምን አለ?

በበሩ ሆድ ውስጥ አንድ የብረት ሳጥን ተቀብሯል። ከሳጥኑ በበሩ ጠርዝ በኩል ሁለት ምላሶች ይወጣሉ። አንደኛው ጫፉ ሰያፍ ነው፤ ሞላ ስለሚገፋው በሩ ገጭ ሲል በራሱ ይይዛል፣ እጀታው ሲጫን ይሳባል። ሁለተኛው ወፍራምና ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚወጣውም የሚገባውም በቁልፍ ብቻ ነው። ሁለቱም በመቃኑ ላይ ወዳለው የብረት ቀዳዳ ይገባሉ። በሳጥኑ መካከል የሚያልፈው፣ ከፊት ሲታይ ከላይ ክብ ከታች ጠባብ እግር ያለው የናስ ቁራጭ ሲሊንደሩ ነው። ወገቡ ላይ አንዲት ጥፍር አለች፤ ቁልፉ ሲዞር አብራ የምትዞረውና ወፍራሙን ምላስ የምትገፋው እሷ ናት።

በሲሊንደሩ ውስጥ ቁልፉ የሚገባበት ተሽከርካሪ እምብርት አለ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ፒኖች (ትንንሽ ዘንጎች) ከታች ከእግሩ ተነስተው በትንንሽ ሞላዎች እየተገፉ ወደ እምብርቱ ይገባሉ። ቁልፍ በሌለበት ፒኖቹ ከፊላቸው እምብርቱ ውስጥ፣ ከፊላቸው እግሩ ውስጥ ሆነው እምብርቱን ጠርንፈው ይይዙታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያስቀምጡታል፤ የሁለቱ ፒኖች መጋጠሚያ ከእምብርቱ ጠርዝ ጋር አንድ መስመር ላይ ሲውል እምብርቱ ይለቀቃል። አሜሪካዊው ታናሹ ሊነስ ዬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ በአንዱ የጥርስ ጥልቀት ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥርሱ በትንሹ የተበላ ቁልፍ ማስቸገሩ አይገርምም። ሁለተኛ፣ ፒኖቹና ሞላዎቹ ያሉት ከታች ስለሆነ በቁልፍ ቀዳዳው የገባ አቧራ፣ ቀለምም ሆነ ዘይት የሚወርደው እነሱው ላይ ነው።

በሩ ተዘግቶ እርስዎ ውጭ ቆመው ከሆነ

ቁልፉ እስከ መጨረሻው መግባቱን ያረጋግጡ። ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚገባው ቁልፍ ዛሬ ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ፣ ከውስጥ በኩል ሌላ ቁልፍ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። በተራ ሲሊንደር ላይ በአንድ ወገን ቁልፍ ካለ የሌላው ወገን ቁልፍ አይሠራም። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ቁልፉን እንዲያወጣ ማድረግ እንጂ በጉልበት መግፋት አያዋጣም፤ የውስጡ ቁልፍ ትንሽ ዞሮ ከቆመ በምንም ግፊት አይወጣም።

ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ አልዞር ካለ መጀመሪያ ከምላሱ ላይ ጫናውን ያንሱ። በግራ እጅ እጀታውን ይዘው በሩን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ በቀኝ እጅ ቁልፉን በቀስታ ያዙሩ። ካልሆነ በሩን በእግርዎ ጉልበት ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይሞክሩ። አሁንም ካልሆነ እጀታውን ወደ ላይ አንስተው፣ በመጨረሻም ወደ ታች ተጭነው። ከአራቱ በአንዱ አቅጣጫ ቁልፉ ቀለል ካለዎት አቅጣጫውን ያስታውሱ፤ ወደ ላይ ሲነሳ የሚከፈት በር ወደ ታች ወርዷል፣ ሲገፋ የሚከፈት በር ደግሞ ምላሱ የመቃኑን ብረት ውጨኛ ጠርዝ እያሻሸ ነው። ይህ በኋላ ለጥገናው መንገድ ያሳያል።

ጫናው ተነስቶም ካልዞረ ቁልፉን ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይሞክሩ። ጥርሱ ያለቀ ቁልፍ እንዲህ ሲደረግ አንዳንዴ ከፒኖቹ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ቁልፉን በጣም በቀላሉ ለማዞር እየሞከሩ የሲሊንደሩን ፊት በካቻቪቴ እጀታ ደጋግመው በስሱ ይምቱ፤ የተጣበቀ ፒን በዚህ ንዝረት ይላቀቃል። ተቀምጦ የከረመ ኦሪጅናል ቁልፍ ካለ አሁን ነው ጊዜው።

ለጉልበት ወሰን ያብጁለት፦ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የሚችሉትን ያህል ብቻ። ቁልፍን በፒንሳ ይዞ ማዞር፣ በቁልፉ ራስ ቀዳዳ ሚስማር አስገብቶ መጠምዘዝ የተለመደ ስህተት ነው። የቁልፉ አካል ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥ፤ ጥልቅ ጥርስ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ የቀረው ብረት ጥቂት ነው። የሚሰበረውም እዚያ ነው።

የተዛነፈ በር

ብዙው ችግር ያለው እዚህ ነው፤ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሞረድና ከጥቂት ብሎን አያልፍም።

የእንጨት በር በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። እንጨት በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለሚያብጥ በሩ በቁልፉ በኩል ወደ መቃኑ ይጠጋል፤ ምላሱም በቀዳዳው ውስጥ ይጨናነቃል። የብረትና የአሉሚኒየም በር ጠላቱ ፀሐይ ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የአሉሚኒየም በር ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ብረት ከሆነ የዚያን ግማሽ። ወደ ምዕራብ የዞረ በር ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት በኋላ አልቆለፍ የሚለው በዚህ ነው። ከዚህ ሌላ ማጠፊያ ይላላል፣ ሕንፃ በጥቂቱ ይቀመጣል፣ ለበዓል የተቀባ ቀለም በምላሱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ሽፋን በሽፋን ይደራረባል፣ ብርድ ለመከላከል የተለጠፈ ስፖንጅ ከሚገባው በላይ ወፍሮ በሩን መልሶ ይገፋል።

የቱ እንደሆነ ለማየት በሩን ዘግተው በዙሪያው ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። በደህና በር ላይ ክፍተቱ በሁሉም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ እኩል ነው። በቁልፉ በኩል ላይኛው ጥግ ጠቦ ወይም እየነካ፣ በማጠፊያው በኩል ላይኛው ክፍተት ከሰፋ በሩ ተንጠልጥሏል፤ የላይኛው ማጠፊያ ላልቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የወፍራሙን ምላስ ጫፍና ጎኖች ባለ ቀለም ጠመኔ ወይም ኩል ይቀቡ። በሩን ዘግተው ቁልፉን እስከሚሄድበት ያዙሩና መልሰው ይክፈቱ። በመቃኑ ብረት ላይ የቀረው ምልክት ምላሱ የት እንደሚነካ በትክክል ያሳያል። ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ጠርዝ ላይ ከሆነ በሩ ወርዷል፤ ጎኑ ላይ ከሆነ በሩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተገፍቷል። ምልክት ጨርሶ ከሌለና ምላሱ ግን ሙሉ በሙሉ የማይወጣ ከሆነ ቀዳዳው ጥልቀት አጥቷል። ይህ በአዳዲስ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ልስን ሲለሰን ሲሚንቶ በመቃኑ ቀዳዳ ገብቶ ይደርቃል። የምላሱን ርዝመት በሩ ክፍት ሆኖ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ይለኩ (ብዙ ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው)፣ ቀዳዳውን ከዚያ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር አስበልጠው በመሮ ወይም በትራፓኖ ያጽዱ።

ጥገናውን ከማጠፊያው ይጀምሩ እንጂ ከሞረዱ አይሁን። በእንጨት በር ላይ የማጠፊያውን ብሎኖች ያጥብቁ። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ አውጥተው ቀዳዳውን በኮላ በተነከሩ የክብሪት እንጨቶች ይሙሉ፣ አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁትና እንደገና ያስገቡ። ከዚህ የሚሻለው የላይኛውን ማጠፊያ አንድ ብሎን 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ረጅም ብሎን መተካት ነው፤ ከመቃኑ አልፎ ጠንካራውን አካል ይይዛልና የተንጠለጠለውን በር መልሶ ይስባል። በተበየደ የብረት በር ላይ በሩን አንስቶ በማጠፊያው ዘንግ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሮንዴላ ማስገባትና በግራሶ መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሮንዴላው ውፍረት በሩ ከወረደበት ልክ ጋር እኩል ይሁን፤ በሁሉም ማጠፊያዎች ላይም እኩል ያስገቡ፣ አለዚያ ክብደቱ አንዱ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የብረት በር ከሚገመተው በላይ ይከብዳል።

ማጠፊያው ተስተካክሎ አሁንም አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ከቀረ የመቃኑን ብረት ቀዳዳ ጠመኔው ባመለከተው ጠርዝ በሞረድ ያስፉ። ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ማስፋት አይመከርም፤ ሰያፉ ምላስ ልል ሆኖ በሩ በነፋስ ይንገጫገጫል። ያን ያህል ከፈለገ ብረቱን ነቅሎ ቦታውን መቀየር ይሻላል።

ያበጠ የእንጨት በርን በሐምሌ መላግ የሚያስቆጭ ሥራ ነው። በጥር ሲደርቅ ክፍተቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። በክረምት የሚነካውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል ያድርጉ፤ በበጋ በሩን አውርደው የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ቫርኒሽ ይቀቡ። ፊቱ አብረቅርቆ የተቀባ በር እነዚህ ሁለት ጠርዞቹ ባዶ ሆነው ማግኘት የተለመደ ነው፤ እርጥበቱ የሚገባውም በእነሱ ነው።

አንድ የማይጠረጠር ምክንያት አለ። የእጀታው ብሎኖች ከመጠን በላይ ሲጠብቁ በተለይ ውስጡ ክፍት በሆነ የእንጨት በር ላይ ሁለቱን የበር ገጾች ጨምቀው ሳጥኑን ይይዙታል። ሲሊንደሩን የሚይዘው ረጅም ብሎንም እንደዚሁ ሲከርር ሲሊንደሩን ያጣምማል። በቅርቡ እጀታ ወይም ሲሊንደር ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነ ብሎኖቹን ሩብ ዙር ላላ አድርገው ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል።

ቆሻሻ፣ ዘይትና የእርሳስ ዱቄት

በሩ ክፍት ሆኖም ቁልፉ ሲገባ የሚንቋቋ፣ ሲዞር የሚከብድ ከሆነ ሲሊንደሩ ቆሽሿል። የግንባታ አቧራ፣ ከኪስ ከቁልፉ ጋር የሚገባ ብናኝ፣ ቀለም፣ አንዳንዴም ነፍሳት የጠቀጠቁት ጭቃ ይገኝበታል። ልጅ ባለበት ቤት የእንጨት ቁራጭና ማስቲካም አይጠፋም። ጠንካራ ነገር ካለ በእጅ ባትሪ እያዩ በቀጭን ሽቦ ወደ ውጭ ይጥረጉ እንጂ ወደ ውስጥ አይግፉ።

የምግብ ዘይት አየር ሲያገኝ ይወፍራል፣ ከዚያ ይጣበቃል። ግራሶና የሞተር ዘይትም ለዚህ ቦታ አይሆኑም፤ ቀጫጭኖቹ ሞላዎች ወፍራም ቅባት ውስጥ ፒኑን በፍጥነት መግፋት ያቅታቸዋል፣ አቧራም ይሰበስባሉ። ለሲሊንደር የሚሆነው ደረቅ ማለስለሻ ነው፦ የግራፋይት ዱቄት ወይም በቴፍሎን የተሠራና ሲደርቅ ቅባት የማይተው ርጭት። ሁለቱም ካልተገኙ ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው፣ ይበቃል። የቁልፉን ጥርሶችና ሁለት ጎኖች እስኪጠቁሩ በእርሳሱ አሽተው አሥር ጊዜ ያህል ያስገቡና ያውጡ፣ ቁልፉን በጨርቅ ጠርገው ይድገሙት። ትንሽ ይበቃል፤ ዱቄቱ ከበዛ እሱ ራሱ ይዘጋል።

እንደ ደብሊው ዲ 40 ያሉ ርጭቶች በየሱቁ አሉ፤ ሰዎችም ለሁሉ ነገር ይጠቀሙባቸዋል። ውኃን ለማባረርና ዝገትን ለማላቀቅ የተሠራ ስለሆነ የቆሸሸን ሲሊንደር ለማጠብ ይጠቅማል፤ እንደ ዘላቂ ማለስለሻ ግን ባይቆጠር ይሻላል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ በቀጭኗ ቱቦ አንድ ሰከንድ ያህል ይርጩ፣ ቁልፉን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እያስገቡና እያወጡ በየጊዜው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር መውጣቱ እስኪያቆም ይድገሙ። ተቀጣጣይ ስለሆነ ምድጃና ሻማ አጠገብ አይርጩ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓታት ጠብቀው ነው ደረቁን ማለስለሻ የሚያስገቡት፤ ግራፋይት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊጥ ይሆናል፣ ያኔ ከመጀመሪያውም ይብሳል።

ለምላሶቹ ግን ሕጉ ይገለበጣል። በሰያፉ ምላስ ፊት ላይ በጣት ጫፍ የተቀባ ትንሽ ግራሶ በሩን ያለሰልሰዋል፤ እዚያ የሚጎዳ ፒን የለም።

ቁልፉ ራሱ

ኦሪጅናሉ የሚከፍተውን በር ለመክፈት ቅጂው ካስቸገረ ጥፋተኛው ታውቋል። ቁልፍ ሲቀረጽ ማሽኑ ያንኑ ያሳዩትን ቁልፍ ይከተላል፤ ያለቀ ቁልፍ ካሳዩት ያለቀ ቁልፍ ይሠራል፣ የራሱን ትንሽ ስህተትም ይጨምርበታል። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ሦስተኛው ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትሩን ልዩነት መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ አዲስ ሲሊንደር ሲገዙ አንዱን ቁልፍ ሳይጠቀሙበት ያስቀምጡ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይቀረጽ። ከተቀረጸ በኋላ ጠርዙ ላይ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ ካለ ቀራጩ እንዲያጸዳው ይጠይቁ፤ ያ ፍቅፋቂ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚራገፈው።

የታጠፈ ቁልፍን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ ቀስ እያሉ ማቃናት ይቻላል፤ ግን ታጥፎ የተቃና ብረት ደክሟል። በሩን ይክፈቱበት፣ ወዲያው ያስቀርጹበት፣ ከዚያ ይጣሉት።

ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ

የተሰበረ ቁልፍ የሚወጣው እምብርቱ ቁልፍ በሚገባበትና በሚወጣበት አቋም ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እምብርቱ ዞሮ ከቆመ ፒኖቹ ቁራጩን ይዘውታል፤ መጀመሪያ በቀጭን ካቻቪቴ እምብርቱን ወደ ቦታው ይመልሱ። ቁራጩ በጥቂቱ ብቅ ብሎ ከታየ በወረንጦ ወይም አፈ ቀጭን ፒንሳ በቀጥታ ይሳቡ። ካልታየ እንጨት በጥበብ የሚቆረጥበትን የቀጭን መጋዝ ምላጭ ይጠቀሙ። ጥርሱ ወደ እርስዎ እንዲያዘነብል አድርገው በቁልፉ ጥርስ በኩል፣ ማለትም በታች፣ ያስገቡት። ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የቁራጩን ጥርስ ይነክሳል፤ ያኔ ቀስ ብለው ይሳቡ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢመጣም ሥራው እየሄደ ነው።

እጅዎ ላይ የቀረውን ቁራጭ አስገብተው ውስጥ ያለውን አይግፉ። ፈጣን ማጣበቂያ ቀብቶ ለማውጣት መሞከር ደግሞ ሲሊንደሩን ከነፒኖቹ አጣብቆ ለቆሻሻ የሚዳርግ ምክር ነው። ሁለቱን ቁራጮች አይጣሉ፤ ጥሩ ቀራጭ ገጣጥሞ አዲስ ይሠራባቸዋል።

ቁልፉ ይዞራል፣ በሩ ግን አይከፈትም

ቁልፉ ያለ ምንም ተቃውሞ ዙሪያውን የሚዞር ከሆነ የሲሊንደሩ ጥፍር ተሰብራለች፣ ወይም ሲሊንደሩን የሚይዘው ብሎን ወልቆ ሲሊንደሩ ከቦታው ተንሸራቷል። ሲሊንደሩን በእጅዎ ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲያንቀሳቅሱት የሚንቀሳቀስ ከሆነ እየገፉና እየሳቡ ቁልፉን ያዙሩ፤ ጥፍሯ አንድ ቦታ ላይ ትገጥማለች።

ወፍራሙ ምላስ ገብቶ ሰያፉ የቀረ ከሆነ፣ ብዙ ሳጥኖች ላይ ቁልፉ ወደ መክፈቻው አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ዞሮ ትንሽ ሲጨመርበት ሰያፉንም ይስባል። እዚያ ላይ ይዘው በሩን ይግፉ። በእጀታው በኩል ያለው ችግር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጀታውን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው ትንሿ ብሎን መላላቷ ነው፤ በአለንኪ ትጠብቃለች። እጀታው ከወለቀ በቀዳዳው ውስጥ ባለ አራት ማዕዘኑን ዘንግ፣ በብዛት 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ በፒንሳ ይዞ ማዞር በሩን ይከፍታል። እጀታው ወደ ታች ወርዶ የማይመለስ ከሆነ ሞላው ተሰብሯል። ሳጥኑን ፈቶ ሞላ መፈለግ ይቻላል፣ ግን በእኛ ግምት ሳጥኑን መቀየር ይቀላል።

ሲሊንደሩን መቀየር

ፒኖቹ ካለቁ ወይም ጥፍሯ ከተሰበረች መጠገን አያዋጣም። በሩን ይክፈቱ፣ በበሩ ጠርዝ በሳጥኑ ግንባር ላይ ከሲሊንደሩ ትይዩ ያለውን 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ረጅም ብሎን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ቁልፉን አስገብተው ወደ አንዱ ጎን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ያዙሩ፤ ጥፍሯ ከሲሊንደሩ እግር ጋር ስትስተካከል ሲሊንደሩ ሲሳብ ይወጣል። አልወጣ ካለ ጥፍሯ አልተስተካከለችምና ቁልፉን በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ ያድርጉ እንጂ በመዶሻ አይምቱ።

የሚለካው ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ እያንዳንዱ ጫፍ ነው። 30 በ30፣ 35 በ35፣ 30 በ40 የሚባለው ይህ ነው። ድምሩን ብቻ ይዞ ሱቅ መሄድ ያሳስታል፤ 35 በ35 እና 30 በ40 ሁለቱም 70 ናቸው፣ ግን አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም። አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል። ከውጭ በኩል ሲሊንደሩ ከእጀታው ሽፋን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ እንዳይል ይጠንቀቁ፤ የወጣ ሲሊንደር ሌባ የሚይዘው ቦታ ያገኛል። ሳጥኑም የሚቀየር ከሆነ ሁለት ልክ ይጨምሩ፦ ከእጀታው ዘንግ መሃል እስከ ሲሊንደሩ ክብ መሃል (85 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው)፣ እና ከሳጥኑ ግንባር እስከ ሲሊንደሩ መሃል (በጠባብ የብረትና የአሉሚኒየም በሮች ከ20 እስከ 35፣ በእንጨት በሮች ከ45 እስከ 60)።

ሁለት ዓይነት ሲሊንደር ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠየቅባቸውም ያዋጣሉ። አንደኛው ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶም ከውጭ የሚከፈተው ነው፤ ሽማግሌ ወይም ልጅ ብቻውን ለሚውልበት ቤት ይህን እንመርጣለን። ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ቁልፍ ሳይሆን በጣት የሚዞር ጉብታ ያለው ነው። መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ በታጠረ ቤት እሳት ቢነሳ መውጫው በሩ ብቻ ነው፤ በጭስ ውስጥ ቁልፍ መፈለግ አይቻልም። በበሩ ወይም በአጠገቡ በቀላሉ የሚሰበር መስታወት ካለ ግን እጅ አስገብቶ ጉብታውን ማዞር ስለሚቻል ጉብታው ከውጭ በእጅ የማይደረስበትን መንገድ አስቀድመው ያስቡ።

ባለሙያ መቼ?

በሩ ተዘግቶ ቁልፉ ዙሪያውን የሚዞር ከሆነ፣ ቁራጩ ጠልቆ ከቀረ፣ ወይም ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቁልፍ ሠሪ ይጥሩ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን፣ ሳይበሳ ለመክፈት ይሞክር እንደሆነና ቢበሳ ምን እንደሚቀየር ይጠይቁ። ሲሊንደር ሲበሳ የሚጠፋው ሲሊንደሩ ብቻ ነው፤ ሳጥኑና እጀታው በደህና ይቀራሉ። ገና እንደደረሰ ትራፓኖውን የሚያወጣ ወይም ግራይንደር ይዞ በሩን ሊቆርጥ የሚነሳ ሰው ከሆነ ሌላ መጥራት ይሻላል።

ውስጥ የተቆለፈበት ሕፃን ካለ ወይም ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ካለ ግን የበሩ ዋጋ አይታሰብም። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939 ነው። እስኪደርሱ ከሕፃኑ ጋር በበሩ ስር እያወሩ ያቆዩት፤ ወደ በሩ ቀርቦ እንዳይቆም ይንገሩት፣ ከውጭ መዝጋት የሚቻል ከሆነም ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው፣ ጋዙን ከሲሊንደሩ ይዝጉ።

አዲሱን ሲሊንደር ሲገጥሙ በሩን ክፍት እንደተዉ ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በውጭም በውስጥም በኩል ይሞክሩ። ረጅሙን ብሎን ቁልፉ እየዞረ ነው የሚያጠብቁት፤ መክበድ ሲጀምር ሩብ ዙር ይመልሱት። በሩን የሚዘጉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጉም አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ በውጭ፣ ሌላው በውስጥ ሆኖ ይሁን።